በጨርቅ መቀስ የተቆረጠ ኪኒን

ሞጣ፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለገብረ ኪዳን፤ ቢቸና

ሰላምታዬ ለአንተ፣ ለወይዘሮ ውበቴ፣ ለአዲሶቹ ሙሽሮች፣ በር ላይ ታስሮ ሲጮህብኝ ለዋለው ውሻህም ሳይቀር ይድረስ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደህና ማለቴ ግን ከዚህ በታች ያለውን እስክታነብ ድረስ ነው።

በልጅህ ሰርግ ድንኳን ጥዬ ስለጠፋሁበት የጻፍከው ቁጣ ደርሶኛል። ሠላሳ ዓመት ጨርቄን በአውቶቡስህ ጣሪያ ጭነህ ያመላለስክልኝ ሰው ነህ፤ ልጅህን እንድመርቅ ስትፈልገኝ ብታጣኝ መቆጣትህ አይገርመኝም። «ለእስላሞቹ ለብቻ ያሰናዳነው ምግብ አልጣመህም ወይ?» ማለትህ ግን አሳዘነኝ። ምግቡን ጣቴን እየላስኩ ነው የበላሁት። የጠፋሁት ከአጥርህ ጀርባ ነበር። ሽንቴ መጣሁ ብሎ አስሮጠኝ፣ ስደርስ ደግሞ እምቢ አለ፤ ሙሽሮቹ ተመርቀው እስኪያልቁ ግድግዳ ስመለከት ቆየሁ። በቃኝ ብዬ ስመለስ ሱሪዬ ላይ ይንጠባጠባል። በዚያ ሱሪ ሰው ፊት ቆሜ መመረቅ አልሆነልኝምና ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። የሞተር ጩኸት ጆሮህን ከወሰደው ወዲህ ስልክህን በላውድ ነው የምታወራው፤ እኔ ከሞጣ ሳስነጥስ የቢቸና ጎረቤቶችህ ይማርህ ይሉኛል። ስለዚህ እንደ ድሮው በሹፌር እጅ ልኬልሃለሁ። ሙሉአለም ፖስታ የሚከፍት ሰው አይደለም፤ እኔም ለጥንቃቄ ዳር ዳሩን በሙጫ አሽጌዋለሁ።

እዚህ በአልትራሳውንድ አዩኝና ፕሮስቴት የሚሉት ዕጢ አብጧል አሉ። ካንሰር አይደለም፤ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው ብለውኛል። ዕጢውን ቀስ በቀስ የሚያሟሽሽ ኪኒን ሰጡኝ። መድኃኒቱን ያቀበለኝ ልጅ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ሰው ከኋላዬ ተሰልፎ፣ «ቤትዎ ነፍሰ ጡር አለች?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን አገባህ ብዬው ወጣሁ። ድፍን ኪኒን ጉሮሮዬ ስለማይወርድ ዘሚራ በሱቁ የጨርቅ መቀስ ለሁለት እየቆረጠች፣ ካፈጠርኩ በኋላ በውሃ ትሰጠኛለች። ሚስትነት እንዲህ ነው እያልኩ እውጣለሁ።

ሐኪሙ ግን ዞሮ ዞሮ ቀዶ ሕክምና እንደማይቀርልኝ ነግሮኛል። በሽንት መስመር ገብተው የሚፍቁት አለ፤ ሆድ ከፍተው የሚያወጡት አለ፤ አዲስ አበባ ደግሞ በሌዘር ይሠራሉ አሉ። አንተ አልፈህበታልና የትኛው እንደሚሻል ንገረኝ። አንዲት ሌላ ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ጽፌ እዚሁ ውስጥ አጥፌያታለሁ። አንብብና አቃጥላት።

ወንድምህ ይማም


ቢቸና፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጥሬ ሥር ቆሞ ለቀረው ለይማም፤ ሞጣ

ቁጣዬን መልስልኝ፤ አላወቅሁም ነበር። ውበቴ ደብዳቤው ምን ይላል ብትለኝ የጨርቅ ዋጋ ነው አልኳት። አላመነችኝም፣ ግን ሰላም ብላሃለች።

አሁን ስማኝ፤ በዚህ ነገር ላይ ከኔ የሚሻል መካሪ ከዚህ እስከ ደጀን አታገኝም። እኔ ሆዴን ከፍተው ነው ያወጡልኝ። ዓባይ ድልድይ ሳልደርስ ቁልቁለቱ ላይ፣ አውቶቡሱ በሰው ጢም ብሎ፣ ሽንቴ ጭራሽ የዘጋብኝን ቀን ታስታውሰዋለህ፤ የሆነውን አልደግምልህም። ከእምብርቴ በታች ቀደዱና ዕጢውን ፈልፍለው አወጡት። ከሳምንት በላይ ተኛሁ። በሽንቴ መስመር ባስገቡልኝ ቱቦ ውስጥ ውሃ ይገባል፣ ቀልቶ ይወጣል። ጠያቂ መጥቶ ሲያስቀኝ ሆዴን በሁለት እጄ እይዝ ነበር። ይኸው ስድስት ዓመቴ፤ አንድ ቀን ተመልሶ አልመጣብኝም።

የፍርድ ቤቱን ጡረተኛ ሣህለ ማርያምን ታውቀዋለህ። እሱ በሽንት መስመር ገብተው ፍቀውለታል። ጠባሳ የለው፣ ቶሎ ቤቱ ገባ፣ በሳምንቱ ገበያ ወጣ። ቀናሁበት። ነገር ግን ቆይቶ መንገዱ ጠበበና ድጋሚ ገባ። ደጀን ሆቴል ያለው ወዳጄ አዲስ አበባ ሄዶ በሌዘር አሠርቷል፤ ደሙ ትንሽ ነው፣ ትልቁንም ይችላል ይላል። መሣሪያውና የሚያውቅበት ሰው ግን እዛው ነው፤ ለክትትልም መመላለስ አለ።

ስለዚህ የትኛው ይሻላል ብለህ አትጠይቀኝ። ጭነቱን ሳላይ መኪና ምረጥልኝ እንደማለት ነው። መጀመሪያ ዕጢህ ምን ያህል እንደሆነ ጠይቅ። ትንሽና መካከለኛ ከሆነ ይፋቅ፤ ትልቅ ከሆነ አንዴ ተከፍቶ ይገላገል። እኔ ይህን የምለው ፈርቼ አይደለም፣ አልፌበት ነው።

የቁራጯን ወረቀት መልስ ደግሞ ሳልሸፋፍን እነግርሃለሁ። መኝታው እንደነበረ ነው፤ ደስታውም አለ። ዘሩ ግን ወደ ውጭ መምጣቱን ትቶ ወደ ኋላ ወደ ፊኛ ይመለሳል። አይጎዳም፣ አያምም፤ ልጅ ግን ከዚያ ወዲህ ይመጣል ብለህ አትጠብቅ። ቢፋቅም ቢከፈትም በአብዛኛው ያው ነው፤ ሌዘሩም ከዚህ አያመልጥም ብሎኛል የደጀኑ ሰው። ውበቴ አምስት ወልዳልኝ ስለነበር እኔ ነገሬም አላልኩት። ያንተ ግን ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ።

ወረቀቷን አቃጥያታለሁ።

ገብረ ኪዳን


ሞጣ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለገብረ ኪዳን፤ ቢቸና

ዘንድሮ ያንተም ጾም የኔም ጾም ገጥሞ እኩል ተርበናል፤ ፈጣሪ የሁለታችንንም ይቀበል። የዘገየሁት ሆስፒታል ተኝቼ ስለነበር ነውና ይቅር በለኝ። አትደንግጥ፤ አሁን የምጽፍልህ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ነው።

በረመዳን ሌሊት የምንሰግደው የተራዊህ ሶላት ረጅም ነው። መሐል ላይ ቢንጠባጠብብኝ ውዱኤ፣ ለሶላት የታጠብኩት፣ ይፈርሳል ብዬ ማታ ማታም ውሃ መጠጣት ተውኩ። ቀን በጾም፣ ሌሊት በገዛ እጄ ደረቅሁ። ለጥቂት ቀን የፊተኛው ረድፍ ላይ እንደ ጎረምሳ ቆሜ ሰገድኩ፤ በብልሃቴም ኮራሁ። ከዚያ ሽንቴ እሳት ሆነ፣ ቀጥሎ ፈጽሞ ቆመ። የወንድሜ ልጅ ሙጀሂድ በባጃጅ ወሰደኝና ቱቦ አስገቡልኝ። ሼህ ሙስዐብ ሊጠይቁኝ መጥተው «እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ለየሶላቱ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፤ ቢንጠባጠብም ሶላቱ አይበላሽም። ይህን መጠየቅ አፍረህ ነው ራስህን በውሃ ጥም የገደልከው?» አሉኝ።

ቱቦውን አውጥተውልኛል። መጠኑንም እንዳልከኝ ጠየቅሁ፤ ትልቅ ብርቱካን ያህላል። ፊኛህ ደክሟል፣ ሌላ ጊዜ ከዘጋ ኩላሊትህ ላይ ይደርሳል ብሎ ሐኪሙ ለባሕር ዳር ጻፈልኝ። ከዒድ በኋላ ሂድ ብሎኛል።

አልሄድም። መልስህን ደጋግሜ አነበብኩት። ዑሙሰልማ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ሃያ ስድስት ዓመት አብራኝ ኖራ ልጅ ሳንታቀፍ ነው ያለፈችው። ዘሚራ ገና ሠላሳ ሦስቷ ነው። ያገባኋት ለት የጠየቀችኝ ቤት አይደለም፣ ወርቅ አይደለም፤ አንድ ልጅ ነው። እኔም በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ልጅ እንዳማረኝ ላንተ መደበቅ አልችልም። እሱ እስኪመጣ እንደ ምንም እቆያለሁ። ኪኒኑ እስካሁን ይዞኛል፣ ይይዘኛል። ለሷ ምክንያቴን አልነገርኳትም፤ አንተም እንዳታነሳው።

ይማም


ቢቸና፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለይማም፤ ሞጣ

አንተ ሰው፣ ውሃ ጠጣ። ሌላውን ሁሉ ባትሰማኝ ይህን ስማኝ።

እንደምትቆጣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እጽፈዋለሁ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር የነበረው አምላኩ በዚሁ ዕጢ ታሞ እንዳንተ ቆይ ቆይ ሲል ከረመ። እሱ የፈራው ቢላዋውን ነበር። አሁን በሳምንት ሁለቴ ለኩላሊት እጥበት ይመላለሳል፤ ደጁ ላይ ተቀምጦ የሰው መኪና ሲቆጥር ይውላል። ልጅ ይምጣልኝ ያልከው ማን እንዲያሳድገው ነው?

ዘሩን ሳይነካ የሚያልፍ ሌላ መንገድ ካለ ብዬ ሰሞኑን እዚህ ቢቸና የመጡትን አዲስ ሐኪም ጠየቅኋቸው፤ ላንተ መሆኑን አልነገርኳቸውም። በቀጭኑ ሰንጥቀው መንገዱን ብቻ የሚያሰፉበት አለ፣ እሱ ብዙ ጊዜ ዘሩን ይተዋል፤ ግን ለትንሽ ዕጢ ነው አሉኝ። ብርቱካን ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እንግዲህ ያንን ትተነዋል።

የቀረህ አንድ ነገር ነው። ለዘሚራ ንገራት። የምትጠብቅላት ነገር የሷም ነው፤ የሷን ነገር ብቻህን ልትወስንላት አትችልም። ልጅ ወይም ባል ምረጪ ብትባል ምን እንደምትል ከየት አወቅህ? አንተ ሠላሳ ዓመት የሰው ወገብ ለክተህ ጨርቅ ስትሸጥ ሴት ሳትጠይቅ ቀለም መርጠህ ታውቃለህ?

እንኳን ለዒድ በሰላም አደረሰህ፤ ይህ ሲደርስህ ቀርቦ ይሆናል።

ገብረ ኪዳን


ሞጣ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለገብረ ኪዳን፤ ቢቸና

ፋሲካን በደስታ አሳልፋችኋል ብዬ አምናለሁ። የላክህልኝ ማር ደርሶኛል። ሳልመልስልህ ሁለት በዓል ስላለፈ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ወረቀት አንስቼ መልሼ ሳስቀምጥ ነው የቆየሁት።

ንገራት ብለኸኝ ነበር። ልነግራት ቀን ስመርጥ እሷ ቀደመችኝ። ዘሚራ ኪኒኔን መቁረጥ ትታለች። መድኃኒቱ አልቆ ልትገዛልኝ ከመድኃኒት ቤት የተመለሰች ለት መቀሱን በሳሙና አጥባ ወደ ሱቁ መለሰችውና «ከዛሬ ጀምሮ ራስህ ብትቆርጠው» አለችኝ። ለምን ብላት «እንዲሁ ነው» አለች። ያስቀመጥኩበትን ሳህን እንኳ በጨርቅ ይዛ ነው የምታነሳው። ፍርፋሪው ጠረጴዛ ላይ ከታያት ክፍሉን ትታ ትወጣለች። አብራኝ መብላትም አቁማለች፤ የወጡ ሽታ ከበደኝ እያለች ውጭ ትቀመጣለች። ሽታው የወጡ እንዳልሆነ ይገባኛል፣ ገብረ ኪዳን። ሌሊቱን ሙሉ እየተነሳሁ የማንጠባጥብ ሽማግሌ ነኝ። ተጸይፋኛለች፣ አልፈርድባትም።

እኔም አስቤ ጨርሻለሁ። ልልቀቃት ነው። ጊዜዋ ሳያልፍ ሌላ አግብታ ትውለድ። ከዚያ ባሕር ዳር ሄጄ እንዳሻቸው ይክፈቱኝ፤ የምሰስተው ነገር አይኖረኝም። ሼህ ሙስዐብን ከሁለት ሽማግሌ ጋር የፊታችን ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቤቴ ጠርቻቸዋለሁ። ለሷ ምሳ ነው ብያታለሁ። ምሳውን ራሷ ነው የምትሠራው።

አትምከረኝ። ሰምተህ ዝም እንድትልልኝ ነው የጻፍኩት።

ይማም


ቢቸና፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይማም፣

ዝም አልልም። ዛሬ ሁለቴ ደወልኩልህ። ስልክህን ያነሳችው ዘሚራ ናት፤ ለሷ ምን ልበላት? ሰላም ነሽ ወይ ብዬ ዘጋሁት። ይህን ደብዳቤ ሙሉአለም በእጅህ ሳይሰጥህ ከሞጣ መናኸሪያ ንቅንቅ እንዳይል አስምየዋለሁ።

እኔም ሳልከፈት በፊት ያንኑ ኪኒን ስውጥ ከርሜያለሁ። የዚያን ጊዜ ልጄ ውቢት እኛ ቤት ነበረች። ለምን መጥታ እንደነበረ ታስታውሳለህ፤ አንተው ነህ ነጭ ጋቢ ይዘህ ለመጠየቅ የመጣኸው። እሷም መድኃኒቴን አልነካም አለች። እኔም እንዳንተ አኩርፌ፣ ያሳደግኋት ልጅ ተጸየፈችኝ ብዬ ለእናቷ ከሰስኳት። ውበቴ እስኪደክማት ስቃ ምክንያቱን ነገረችኝ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

ምክንያቱን እዚህ አልጽፍልህም። የኔ ወሬ አይደለም፤ ባለቤት አለው። አንተ ግን ነገ ሽማግሌዎቹ ሳይገቡ ወደ ማድ ቤት ሂድና «መድኃኒቴን ለምን አትነኪም?» በላት። ስለ ፍቺ፣ ስለ መጸየፍ፣ ስለ ዕድሜህ አንድ ቃል አትጨምር። ጠይቅና አፍህን ዝጋ። እስክትመልስ ጠብቅ።

አታሳፍረኝ።

ገብረ ኪዳን


ሞጣ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

ጠየቅኋት።

ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ እኔም እንዳልከኝ አፌን ዘግቼ ጠበቅሁ። ከዚያ «ኢናስ ከልክላኝ ነው» አለች። ኢናስ መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ ናት። መድኃኒቱን ስትሰጣት፣ ለኔ እንዳቀበለኝ ልጅ፣ ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ዘሚራ ግን እንደኔ ምን አገባሽ ብላ አልወጣችም። አዎን አለቻት። የተሰበረውን ኪኒን ነፍሰ ጡር እንዳትነካው፣ ለጽንሱ አይሆንም አለቻት። ለነገሩ መጀመሪያውኑም መቆረጥ አልነበረበትም አሉ።

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። አምና አንድ ጊዜ ጽንስ መጥቶ ሳይቆይ መጥፋቱን ያኔ ነው የሰማሁት። ብቻዋን አልቅሳ ብቻዋን ዝም ብላ ኖሯል። «አሁን ደግሞ ነግሬህ፣ ደስ ብሎህ፣ ከዚያ ቢጠፋ ፊትህን ማየት አልችልም። ሆዴ እስኪታይ ልቆይ ብዬ ነው» አለችኝ። እኔም ያኔ ባሕር ዳር ያልሄድኩበትን ምክንያት ነገርኳት። እንደዚያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። «ኩላሊትህን ልትሸጥልኝ ነበር?» አለች።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ለምን እንደጠራኋቸው ሼህ ሙስዐብ ብቻ ያውቁ ነበር። ፊቴን አዩና ለምርቃት ነው የጠራን አሉ። በልተው፣ ለምን እንደሚመርቁ ሳያውቁ መርቀው ሄዱ። ለማንም እንዳትናገር፤ ለወይዘሮ ውበቴ ብቻ ንገርልኝ። እሳቸው እንደሆነ ሳትነግራቸውም ያውቃሉ።

ይማም


ባሕር ዳር፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለገብረ ኪዳን፤ ቢቸና

ይህን የምጽፍልህ አልጋ ላይ ተንጋልዬ ነው፤ ፊደሌ ቢንጋደድ በኔ አትፍረድ። ቱቦው ውስጥ ውሃው ይገባል፣ ይወጣል፤ ዛሬ ነጣ ብሏል። «ጠያቂ ሲያስቀኝ» ያልከው አሁን ገባኝ። ሙጀሂድ እየመጣ ያስቀኛል፣ እኔ ሆዴን ይዤ እለምነዋለሁ።

የትኛውን መረጥክ ላልከኝ፣ ያንተኑ ነው። ሐኪሙ ሁሉንም አንድ በአንድ አስረዱኝ። ብፋቅ ቶሎ እንደምወጣ፣ ነገር ግን ብርቱካን በሚያህል ላይ ጊዜ እንደሚወስድና ተመልሶ ሊመጣ እንደሚችል፤ ብከፈት ብዙ እንደምተኛ፣ ግን እንደምገላገል። ለሌዘሩ ልጻፍልዎ ቢሉኝ አመስግኜ ተውኩት፤ አዲስ አበባ መመላለስ አልፈለግሁም። ምርጫውን ከዘሚራ ጋር ቁጭ ብለን መረጥን። እንዲያውም መጨረሻ ላይ የቆረጠችው እሷ ናት። «አንዴ ይለፍልን፤ ኋላ ሕፃን ታቅፌ ሕመምተኛ አላስታምም» አለች።

እሷ ደህና ናት። ሆዷ ገና አይታይም፤ እኔ ግን ይታየኛል። ከሱቁ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይዛ መጥታ እዚሁ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ በዚያው በጨርቅ መቀስ የሕፃን መታቀፊያ ትቆርጣለች። ነርሷ ገና ነው፣ አይቸኩሉ ብትላት አልሰማችም።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሊያስገቡኝ ሲሉ ሐኪሙ መጡና ሊመጣ የሚችለውን ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነገሩኝ። ደም፣ ቁስል፣ ሽንት አለመያዝ፣ ሁሉንም። መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ አልጋዎቹ ሁሉ ሰው አለባቸው፣ በሩም ክፍት ነው። «ከዚህ በኋላ ልጅ መውለድ አይችሉ ይሆናል። ገብቶዎታል?» አሉኝ።

የድሮው ይማም ቢሆን በሩን ዝጉት ይል ነበር። እኔ ግን ከአልጋዬ ቀና ብዬ፣ ኮሪደሩ ላይ የቆመችው ዘሚራም እንድትሰማኝ አድርጌ፣ «ገብቶኛል ዶክተር። ልጁ ቀድሞኝ ገብቷል፤ አሁን እኔን አስገቡኝ» አልኳቸው።

ወንድምህ ይማም